የክርስትና አባትህ የጥብቅና ፈቃድ

ልጄ ኢዩኤል፣ የጻድቁ የተክለ ሃይማኖት ጸሎት በሄድክበት ይከተልህ፤ ጤናህንም ትምህርትህንም ይጠብቅልህ። እኛ ደኅና ነን። እኅትህ ሳምራዊት ለፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ ክረምቱም በጊዜው ገብቷል።

አከራያችን በመሠረተብን ክስ ተረትተን የዱባይ ተራውን ሱቅ ለቀናል። ምክንያቱን ከሌላ ከምትሰማ እኔ ልንገርህ። ጠበቃችን የነበሩት የክርስትና አባትህ ጋሼ ምንይሉ፣ ለእኛ እየተከራከሩ በጎን አከራያችንንም ያማክሩ ነበር። ይህ ለጠበቃ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ለጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ አቤቱታ አቀረብኩ።

እሑድ ጋሼ ምንይሉ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ አሸብር ገና ሳይቀመጡ፣ «አንቺ ቦሰና፣ የክርስትና አባት ይከሰሳል እንዴ? ጠበቃውን ጠበቃ ፈላጊ አደረግሽው እኮ!» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተነሥቼ ጋሼ ምንይሉን ሳምኳቸው፤ ከልቤም ይቅር አልኳቸው።

«እንግዲያው አቤቱታውን አንሺዋ!» አሉ ጋሼ አሸብር።

«እኔን የበደሉኝን ይቅር ብያለሁ። የጥብቅና ፈቃዱን የሰጠኋቸው ግን እኔ አይደለሁም፤ ነገ አምኗቸው ቢሯቸው በሚገባ ሰው ፈንታም ይቅር ማለት አልችልም» አልኩ። ቡናም ሳይቀምሱ ወጡ።

ሰሞኑን ይደውሉልህ ይሆናል። እንደ አባት አክብረህ አነጋግራቸው፤ መታረቃችንንም ንገራቸው። አቤቱታውን እንዳነሣ ግን አደራ፣ አንተ አትለምነኝ፤ አንተን እምቢ ማለት አልችልበትም።

በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ ቦሰና