በእናቴ ድምፅ የደወልኩበት ቀን

እማዬ፣

ከተለየሽን ሦስት ወር ከአስር ቀን ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ፈርቼሽ ነው። የሠራሁትን ግን እኔው ልንገርሽ።

አንቺ ስታርፊ እናትሽ እማማ ከሆስፒታል ከወጡ ገና አራተኛ ቀናቸው ነበር። ሐኪሙ ልባቸው ድንጋጤ አይችልም ስላለ፣ ወንድምሽ ጋሼ ታደሰ መርዶው እንዲቆይ ወሰነ። ድንኳኑ ቤቴል እሱ ቤት ተጣለ፤ ለእማማ ግን ለፊልም ቀረጻ ክፍለ ሀገር ሄደች ተባለ። እኔም ቀራንዮ እማማ ሰፈር ስደርስ ጥቁሬን ጎረቤት ቤት አውልቄ፣ ቀይ ሹራብ ለብሼ እገባ ነበር።

ጉድ ያደረገን ቴሌቪዥኑ ነው። ተከታታይ ድራማሽ ተቀርጾ ያለቀ ስለሆነ እሁድ እሁድ ትመጫለሽ። መጀመሪያው ላይ ፎቶሽና ነፍስ ይማር የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ምን ይላል ሲሉኝ ስሟ ነው እላለሁ። ስሟን አስጠራልኝ ጌታዬ ብለው ይመርቁሻል።

ከቀበሌ ኪነት ተነስተሽ፣ በመጀመሪያው ፊልም አንዲት ቃል ሳትናገሪ ከኋላ አልፈሽ፣ ስንት ሽልማት ወሰድሽ! ክፉ አማት ሆነሽ የተወንሽ ጊዜ ግን አየር ጤና ጉሊት ያለችው ሴትዮ ቲማቲም አልሸጥልሽም ብላ አባረረችሽ። ባዶ ዘንቢል ይዘሽ እየሳቅሽ ገባሽና ዛሬ ገና ተሸለምኩ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ትወና ሞቼ ነው እያልኩ ሳፌዝብሽ ኖርኩ።

በሁለተኛው ወር እማማ ጠረጠሩ። ስልክ እንኳ የማትደውል ምን ብትሆን ነው እያሉ ምግብ እምቢ አሉ። ድምፄ ካንቺ እንደማይለይ የሚያውቀው ጋሼ ታደሰ ለመነኝ። ደጅ ወጥቼ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ፣ አንቺን ሆኜ ደወልኩ። እንዳንቺ ሳቅኩ። እንዳንቺ እምዬ አልኳቸው። እሳቸው መረቁኝ፣ በደህና ተመለሽልኝ አሉኝ። ስገባ ሾርባቸውን ጨርሰዋል። ባኞ ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። እንዴት ብትችይበት ነው እንዳትይኝ፣ እማዬ፤ ያስጠላኛል።

ድራማው ሊያልቅ አንድ እሁድ ሲቀረው ቀረጻ ላይ ናት የሚለው ሰበብም አብሮ ሊያልቅ ሆነ፤ ሌላ ማምለጫ አልነበረም። ቅዳሜ ንጋት ላይ የእድር ሽማግሌዎች መጥተው አረዷቸው። ልባቸው አሁን ቀጥ አለ፣ አሁን ቀጥ አለ እያልኩ እኔ ልሞት ነበር። እሳቸው ግን እንባም አልወጣቸው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና ያን ቀን የደወለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ። ልጄን አልቅሼ እንዳልቀብር ቀማችሁኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

በማግስቱ ቴሌቪዥኑን ክፈቱ አሉ። በመጨረሻው ክፍል ልጅሽን እየዳርሽ ነበር፤ ትጨፍሪያለሽ፣ ትስቂያለሽ። እማማ ያኔ ተነሱ። ስምሽን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ሙሾ አወረዱ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ሦስት ወር ያፈንኩትን ዘረገፍኩት። አንቺ ትስቂያለሽ፣ ቤቱ ይጮሃል።

ይኸው እስከ ዛሬ አላናገሩኝም። ይገባኛል። ላንቺ ግን ቃሌን ልስጥሽ፤ ሁለተኛ ባንቺ ድምፅ አልናገርም። ስላንቺ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለእማማም ጆሯቸውን የሰጡኝ ቀን፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን በራሴ ድምፅ እናገራለሁ።

ልጅሽ ማህሌት