ሦስተኛው እንቁላል

እማዬ፣ እናቴዋ፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ክረምቱ በጓዳ በኩል ጣሪያውን በስቶት ባልዲ ደቅኜ ነው የከረምኩት። የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ጎርፍ ግማሹን በልቶታል፤ ላምባ ተሸክሜ ስወጣው ነፍሴ አብራ ልትወጣ ትደርሳለች። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በየቀኑ ብቅ እያሉ በላሽ ወይ ይሉኛል። በላሁ እላለሁ። ታዴ ደህና ነው። የት እንዳለ ግን አልጽፍም፤ ወረቀት የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። በቀብርሽ ቀን እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ ተደብቆ ሲያለቅስ እንደዋለ ብቻ ልንገርሽ። አንድ ወንድ ልጅሽ አፈር ሳያለብስሽ ቀረ፣ አየሽ የደረስንበትን ጊዜ!

ይህን የምጽፍልሽ ግን ለወሬ አይደለም። አንድ ነገር ደብቄሽ ነው የሄድሽው፤ እንቅልፍ ነሳኝ።

ትናንት ሾላ ወርጄ እንቁላል ገዛሁ። እንደ አመልሽ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። የተኛው ትኩስ፣ የቆመው የሰነበተ፣ የተንሳፈፈው ወደ ውጭ። አንዱ ተንሳፈፈና ነጋዴውን በሆዴ ሰደብኩት፤ አንቺ ብትሆኚ ተመልሰሽ ወርደሽ ፊት ለፊቱ ትነግሪው ነበር። በእንቁላል ነገር አስቸጋሪ ነበርሽ እኮ! ለዶሮ ወጥ ትኩሱን አትወጂም፤ ሲላጥ ነጩን ገንጥሎ ይሄዳል ብለሽ ሳምንት ታቆዪዋለሽ። ቢሰነጠቅ እንዳይፈስ ውሃው ላይ ጨው ጣል ታደርጊያለሽ። ከተላጠ በኋላ ወጡ እንዲገባው በቢላዋ ጫፍ ጫር ጫር ታደርጊዋለሽ። ድስቱ ሳይወርድ እንቁላል የጨመረ ሰው አንቺ ዘንድ ሰው አልነበረም፤ ነጩን ጎማ አደረግሽው ብለሽ ትጮሂብኛለሽ። እኔም እንቁላል ነው ወይስ ሙሽራ የምንድረው እያልኩ እስቅብሽ ነበር።

ያን ፋሲካ መቼም አትረሺውም። ታዴን ለውትድርና እንዳያፍሱት ኮርኒስ ላይ ካወጣነው ሦስት ወሩ ነበር። ቀበሌ ሄደሽ ወንዱ ልጅ ክፍለ ሀገር ሄዷል ብለሽ ሁለት ብቻ ተብለን ተመዝግበናል። ስለዚህ ሕግሽ ጥብቅ ነበር፤ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት እንቁላል። ወሰን ሰፈር አንዲት እናት ታጥቦ በተደፋ ሦስተኛ ሳህን ልጇን እንዳስያዘች ሰምተናላ! በዶሮ ወጥ ደግሞ እንቁላል በሰው ልክ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። ድስቱን ያየ ቤተሰቡን ቆጠረ ማለት ነው። ሦስት የቀቀልሽው አንዱ ቢፈነዳ ብለሽ ነበር።

ቀትር ላይ ጋሽ ደምሴ ጠብመንጃውን እንዳነገተ ገባ። የቀበሌ ታጣቂ ከመሆኑ በፊት ከአባዬ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካርታ ሲጫወት የሚያመሽ ሰው ነበር። እንኳን አደረሳችሁ አለ። ያለ እንብላ አይታለፍምና እንብላ አልሽው፤ እሱም ተቀመጠ። ሽታው ታች መንገድ ድረስ ወርዷል፣ ለስንት ሰው ነው የሠራችሁት ብሎ ሳቀና ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ።

ጀርባሽን ሰጥተሽው ድስቱን ከፈትሽ። እኔ ጎንሽ ቆሜያለሁ። ሦስት እንቁላል ወጡ ላይ ጉብ ጉብ ብሏል። እጅሽ ጭልፋው ላይ ደርቆ ቀረ። ከኋላችን አግዳሚ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስቶ ሊያይ ነው። አንዱን እንቁላል በጭልፋው ጨፈለቅሽው። አስኳሉን ወጡ ወዲያው ዋጠው። ነጩስ የት ይሂድ? አስኳል ይሟሟል፣ ነጩ አይሟሟም፤ ይህንንም ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ገና ከእሳት የወረደውን፣ እየተፋጀ፣ ለቃቅመሽ አፍሽ ውስጥ ከተትሽና ሳታኝኪ ዋጥሽው። ጋሽ ደምሴ በትከሻሽ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ሁለት እንቁላል ነው ያገኘው። እንባሽ ይወርዳል፣ መናገር አቅቶሻል፤ በርበሬው ነው አልኩት እኔ። አንዱን እንቁላል አወጣንለት። በላ፣ መርቆን ወጣ።

አፍሽ ተልጦ ሁለት ሳምንት በቀዝቃዛ አጥሚት ከረምሽ። እሱስ ዳነ። ያልዳነው ሌላው ነው። እጄ ከዳኝ አልሽ። ሁለት የጨመርኩ መስሎኝ ልጄን በገዛ እጄ ላስበላው ነበር፣ ጃጅቻለሁ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ድስቱን ለእኔ ተውሽልኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ፣ እጅሽን ጋቢሽ ውስጥ ከተሽ፣ ጨው ጣልሽበት ወይ እያልሽ ትጠይቂኛለሽ እንጂ እስክትሞቺ አንዲት እንቁላል እንኳ አልቀቀልሽም። እኔም እያየሁሽ ዝም አልኩ።

ልታርፊ ሦስት ቀን ሲቀርሽ፣ ትኩሳቱ ጋብ ሲልልሽ፣ ክንዴን ይዘሽ ጠየቅሽኝ። አስቱዬ፣ ያን ቀን ሁለት አልነበር እንዴ የጨመርኩት አልሽኝ። ዓይንሽን ከዓይኔ ላይ አልነቀልሽም። እንጃ እማዬ፣ ረስቼዋለሁ አልኩሽ። ፈራሁ። እንዳትቀየሚኝ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሺ ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

አልረሳሁም እማዬ። አንቺ የጨመርሽው ሁለት ነው። ዞር ስትዪ ሦስተኛውን ጫር ጫር አድርጌ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ታዴ ሁዳዴውን በሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ፣ በፋሲካ እንኳ የራሱ እንቁላል ሳይኖረው ብዬ አንጀቴ አልችል አለ። እጅሽ አልከዳሽም። ታዴን ባገኘሁት ቀን መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ ረስቼዋለሁ አልልም።

ልጅሽ አስቴር