ደህና ናቸው ያልኳቸው

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የደሴን ብርድ ቻለው? እኛ እዚህ ጎሮ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ይህን ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ደህና ነን ብዬ ዘጋሁት።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ወጣቶችን ድባቴ ይዟቸው እንደሆነ የሚለይ መጠይቅ አለ፤ ከውጭ መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ። እዚህ ይሠራ እንደሆነ እንፈትነዋለን። እኔ አንብቤ መልሳቸውን እሞላለሁ። ቀጥሎ አስመረት የምትባል የአእምሮ ሐኪም፣ የእኔን ውጤት ሳታይ፣ ለብቻቸው ታነጋግራቸዋለች። ከዚያ ሁለቱን እናስተያያለን።

አልገጠመም። እኔ ደህና ናቸው ያልኳቸውን እሷ ታመዋል አለች። «ለአንቺ የሚመልሱልሽ የሰላምታ መልስ ነው» አለችኝ እየሳቀች። እውነቷን ነው። ሰሞኑን ከፍቷችሁ ነበር ወይ ስላቸው አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ተመስገን ይላሉ። እኔም «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ምስጋናው ውሸት አይደለም። የጠየቅኩት ግን እሱን አልነበረም።

እማ፣ መጠይቁን መጀመሪያ የተለማመድኩት በታናሼ በፈሂማ ነበር። አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ። ለሁሉም አልሐምዱሊላህ አለች። ደስ ብሎኝ እራት አቀረብኩ። አልነካችውም።

ትላንት ከሥራ ከመገናኛ ስመለስ መጠይቁን ሳልይዝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምሳ ምን በላሽ አልኳት። ጠበቅኩ። ምግብ አፏ ውስጥ አፈር እንደሚሆንባት፣ ኮሌጅ መሄድ ካቆመች እንደሰነበተች ነገረችኝ። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ «መቼ ጠየቅሽኝ? አነበብሽልኝ እንጂ» አለች።

ባለፈው እንቅልፍ አበዛች ስልሽ፣ ስንፍና ነው፣ ላኪያትና ልምከራት ያልሽው ለአሁኑ ይቆይልኝ። ሐሙስ አስመረት የምታውቀው ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ሰው ምን ይላል እንደምትይ አውቃለሁ። ዱዓ አድርጊላት፤ ሕክምናውንም አትከልክያት።

ስትደውይላት ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አትጀምሪ። ምን በላሽ፣ ከማን ጋር ዋልሽ በያት። ከዚያ ዝም በይ። መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሻል። አልተቋረጠም፤ ጠብቂያት።

ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝም፣ እኔንም እንደዚያው ጠይቂኝ።

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ጥላሽን አያንሳብን።

ትልቋ ልጅሽ