በባለ ካባው ፈንታ የታየው ሰርግ

ውድ ሙንተሲር፣

እንደምን ከረምክ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን ድምፅህን በየሳምንቱ ስለምሰማ ስለ ጤናህ ከእናትህ በላይ አውቃለሁ። የባለ ካባውን ፊልም ክፍል አምስት ስትተረጉም ጉንፋን ይዞህ ነበር። ክፍል ስድስት ላይ ድነሃል፣ ግን ታዛጋለህ። ባለ ካባው ሰውዬ ከተማዋን ሊያድን ከሕንጻ ጫፍ ሲዘል፣ አንተ ከኋላው ስታዛጋ ጥርት ብሎ ይሰማል። አዳራሹ በሙሉ ተከትሎህ አዛጋ። የአሰላ ብርድ ብቻውን ያስተኛል፤ አንተ ባትጨምርበት ጥሩ ነበር።

በስልክ ብነግርህ ሳቅህ ስለማያስጨርሰኝ ነው መጻፌ። ወረቀቱን የሚያደርስልህ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ረጋ ብለህ አንብበው፤ መጨረሻው ላይ አንተን የሚመለከት ነገር አለ።

ስቱዲዮ ገብተህ መተርጎም ሳትጀምር፣ በእኔ ፊልም ቤት ማይክ ይዘህ በአፍህ ትተርክ የነበረበትን ጊዜ እዚህ ሰው አልረሳውም። ክፉውን ሰውዬ የጭነት ደላላ ታደርገው ነበር። ጀግናው ፍቅረኛውን ሲሰናበት በኦሮምኛ ታስለቅሳቸውና፣ ጠቡ ሲጀመር ወደ አማርኛ ትመለሳለህ። መኪና ገደል ሲገባ «ይቺ የጢቾ መንገድ ናት» ትላለህ፤ የፈረንጅ አገር ነው ብሎ የተከራከረህ አልነበረም። አንዴ ፊልሙ መሃል ላይ ተበላሽቶ ሲቆም ከራስህ ፈጥረህ ጨረስክላቸው፣ አጨብጭበውልህ ወጡ። በማግስቱ ትክክለኛውን መጨረሻ ባሳያቸው «የትናንቱ ይሻል ነበር» አሉኝ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ደመወዝ ጨምሪልኝ ትለኛለህ ብዬ ነው።

አሁን ሰው ሰልችቶታል፣ ሙንተሲር። የሚበር ሰው፣ ክንድ የሚያረዝም ሰው፣ እሳት የሚተፋ ሰው፣ ከዚያ የሁሉም ወንድም፣ ከዚያ የወንድሙ ልጅ። ማታ ማታ የዕለቱን በምጽፍበት ማስታወሻ ላይ ስለ እነዚህ ፊልሞች የማሰፍረው ቃል አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ወጡ።

ነገሩ ቁርጥ ሆኖ የታየኝ በጥቅምት ነው። ባለ ካባው ሊሞት አንድ ትንፋሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ድሮ ቢሆን ሰው በጨለማ እያፏጨ፣ የመብራት ኃይልን ስም እየጠራ፣ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ይጠብቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። ገንዘቤን መልሺ ያለኝ እንኳ የለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር በሩ ጋ ሲደርስ ቀሪውን ነገረኝ፤ የሞተ ይመስላል፣ አይሞትም፤ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ ሰማዩ ይቀደዳል፣ ከተማዋ ትፈርሳለች፤ በስተመጨረሻ ስም ሲወርድ ሌላ ክፉ ሰው ብቅ ብሎ ክፍል ሰባትን ያስተዋውቃል። መብራቱ ሲመለስ እኔና በሩ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ፋጡ ብቻ ቀርተን ነበር። ባለ ካባው ተነሳ፣ ሰማዩም ተቀደደ።

ፋጡ ሳምቡሳዋን እየሸፈነች «እትዬ ፋናዬ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ቢሞት ምናለበት፤ የለቅሶ ሳምቡሳ እሸጥ ነበር» አለችኝ።

እንደምታውቀኝ ነጋዴ ነኝ፤ የሰለቸ ዕቃ ላይ ተቀምጬ አላለቅስም። ኳስ ላሳይ ብል ከመናኸሪያው እስከ እኔ በር ያለው ቤት ሁሉ ኳስ ያሳያል። ስለዚህ የኢተያው የእህል ነጋዴ አቶ ጉቱ አዳራሹን ለስንዴ መጋዘን አከራይኝ ሲሉኝ እሺ ለማለት ምንም አልቀረኝም። ዘንድሮ ስንዴው ያማረ ነው፣ ማስቀመጫ የለም። የእኔ ወለል ደረቅ ነው፣ በሩም ኤንትሬ የጭነት መኪና ያስጠጋል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ቤቱን አይተው እጅ ለእጅ ልንማታ ተቀጣጠርን። ሒሳቡ ልክ ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገብቼ ኋለኛው አግዳሚ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ስንዴ እኮ ሳቅ የለውም።

ቅዳሜ የመጨረሻው ትዕይንት ይሁን ብዬ ክፍል ሰባትን ለጠፍኩ። ፊልም በፍላሽ የሚጭንልኝ እንደሻው ነው። ሰርግም ይቀርጻል፤ ሰርግ ቀርጾ የሚያስረክበው ግን የሙሽሮቹ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ነው። ፍላሹን አመጣልኝ፣ እኔም ሳላየው ሰካሁት። ክፍል ሰባትን ማን አስቀድሞ ያያል?

ስክሪኑ ላይ አበባ መጣ። ከዚያ ልቦች፣ ከዚያ የመኪና ሰልፍ በስንዴ ማሳ መሃል ጥሩንባውን እየነፋ። ሰዉ መጀመሪያ ባለ ካባው ከመኪናዎቹ ባንዱ ውስጥ ያለ መሰለው። እኔ ገባኝ። ላጠፋው ወደ ላፕቶፑ ስሄድ፣ የሙሽራው ሚዜዎች ከሙሽሪት ደጃፍ ደረሱና ልጃገረዶቹ በሩን ዘጉባቸው።

በቃ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የሙሽራው ወገን ሆነ፣ ግማሹ የሙሽሪት። ሚዜዎቹ ሽቶ ሲረጩ «በሽቶ አትሸነፉ» ይላል አንዱ፤ «ቆፍጠን በል፣ አንተ ወፍራሙ፣ ትከሻህ ለምንህ ነው» ይላል ሌላው። ሊገቡ ሲሉ ይገፏቸዋል፣ ሊያሸንፉ ሲሉ አንዲት አጭር ልጅ ብቻዋን በሩን ትይዛለች። እጄ ቁልፉ ላይ እያለ ከኋላ ተጮኸብኝ፤ እትዬ፣ ያንን ነገር ንኪና ጉድ ይፈላል። ፋጡ ሳምቡሳዋን ደጅ ትታ ገብታ ቆማለች። ይገባሉ አይገቡም፣ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ያህል ጊዜ የከተማ መፍረስ ስናይ ትንፋሹን ያልዋጠ ሰው፣ ለአንድ የብረት በር ትንፋሹን ዋጠ።

በዚህ መሃል አቶ ጉቱ ገቡ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስለመጡ ስክሪኑን ጋርደው ቆሙ። ከኋላ በኦሮምኛ «ታኢ፣ ታኢ» ተባሉ፤ ቁጭ በል ማለት ነው፣ ያውም እንደ እኩያ። ቁጭ አሉ። እኔ ቀና ብዬ ሳያቸው አፋቸውን ከፍተዋል፤ ስክሪኑን ሳይ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው በሙሉ ልብስ፣ በዘንግ ሚዜዎቹን እያስገቡ ነው። ሰርጉ በሚያዝያ የተዳረችው የልጃቸው የሄለን ነበር።

ሙንተሲር፣ ነገሩን አስበው። የሰውዬውን የቤት ምሥጢር፣ በእሳቸው ፊት፣ በቲኬት እያሳየሁ ነው።

ቁልፉን ሳልጫን ፊልሙ ተቀየረ። እንደሻው ካሜራውን ከዳሱ ጀርባ አዙሮት ኖሯል። ሙሽሪት መኪና ውስጥ ገብታለች፣ ሕዝቡ ይጨፍራል፤ አቶ ጉቱ ግን ብቻቸውን ከድንኳኑ ኋላ፣ የተደረደረ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ አንዱ ከመሃል፣

«የድግሱን ወጪ አስቦ ነው» አለ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አቶ ጉቱ ከተቀመጡበት፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣

«ለልጄ ነው» አሉ።

ሁሉም ዞረ። አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን ያያል። ቁጭ በል ያላቸው ሰው አስቀድሞ ተነስቶ ቆመ፣ ከዚያ ሁሉም ተነሳ። እኔ አጠፋሁት፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እንዴት እንደተሳሳትን አስረዳሁ። አቶ ጉቱ ደረት ኪሳቸውን ዳበሱና ፍላሽ አወጡ። ያን ዕለት ከእንደሻው የተረከቡት ነው፤ ለእሁድ ዘመድ ጠርተው ሊያዩት። ባለ ካባው ከእሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር። አሁንም ሳቅ ተነሳ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ልጄን ሳትጠይቂ ልጄን አሳየሽ» አሉኝ።

ስልካቸውን አውጥተው ሄለን ጋ ደወሉ፤ ድምፅ ማጉያውን የከፈቱት ምስክር እንድንሆን ይመስለኛል። ነገሩን ሲነግሯት ልጅቱ አልጮኸችም። የት ላይ ደርሰው ነበር ብላ ጠየቀች።

«እኔ ሳለቅስ» አሏት።



«መቼ አለቀስክ፣ አባዬ?»

አቶ ጉቱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሄለን በኋላ ስትናገር ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር፤ ክፈቱላቸው፣ ይጨርሱት፣ ብቻ መልሱን እኔ ሳልኖር እንዳታሳዩ አለች። አዳራሹ ያንን ሲሰማ መልስ መኖሩን አስታወሰ። ስለ ክፍል ሰባት ሲነገረው ትከሻውን ይነቀንቅ የነበረው ሕዝብ መልሱ መቼ ነው፣ ቅልቅሉስ ተቀርጿል ወይ እያለ ከበበኝ።

እሁድ ጠዋት አቶ ጉቱ ብቻቸውን ተመለሱ። የተጣላን መስሎኝ ነበር፤ ግን ነጋዴ ለነጋዴ ነው የተነጋገርነው። ሰው አንድ ቀን በስህተት ስለሳቀ ቤት አይቆምም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። የሚመጣው እሁድ መልሱን አሳዪ፣ አዳራሹ ከሞላ ስንዴዬን ኦጎልቾ ሌላ መጋዘን አወርዳለሁ፤ ካልሞላ ሰኞ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ አሉ። እሺ አልኩ፣ እጅ ለእጅ ተማታን። እንደሻው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኮምፒውተሩ አልተነሳም፤ በሕይወቱ አንዴ በቀኑ ሊያስረክብ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሰርጉን ሰው በራሱ አፍ ተረከው፣ ግን መቶ አፍ አንድ ላይ ሲተርክ አይሰማም። መልስ ደግሞ ረጅም ነው፤ ገብቶ መቀመጥ አለው፣ መመረቅ አለው፣ ሰው የሚያንቀላፋበት ቦታ አለው። ያንን ቦታ የምትሞላው አንተ ነህ። ዶሮው ሲቀርብ ማን ምን እንዳሰበ፣ አማቲቱ ሙሽራውን ለምን እንደዚያ እንዳየችው ካንተ በቀር የሚናገር የለም። ያዛጋኸው አንተ መጥፎ ስለሆንክ አይደለም፤ እኔ አውቅሃለሁ፣ መጨረሻውን የምታውቀው ነገር ያደክምሃል። እዚህ ና። ቤቱ ከቆመ እኩል እንሠራለን፤ ካልቆመም የአንድ እሁድ ሳቅ ይበቃናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ካለው ድምፅህ ጋር ሳወራ ነው የኖርኩት፣ እሱ ደግሞ ለባለ ካባው እንጂ ለእኔ አይመልስም።

አዳራሹ ይሞላል አይሞላም ብለህ ስጋት አይግባህ። ዛሬ ጠዋት ከኢተያ ወሬ ደረሰኝ። አቶ ጉቱ ዘመድ የሚያጓጉዝ ሁለት ሚኒባስ ተከራይተዋል። ጎረቤት ጋ ቤት ለቤት እየዞሩ ልጄ መልስ ላይ እንዴት እንደምታምር ኑና እዩ እያሉ ነው። ስንዴያቸውን ሊያስገቡበት የፈለጉትን ቤት በገዛ እጃቸው እየሞሉት ነው፤ ይህን የነገራቸው ያለም አይመስለኝ።

ቅዳሜ ማታ ድረስ። ወንበር አልያዝኩልህም፤ አንተ እንደሁ ቆመህ ነው የምትናገረው።

እትዬህ ፋናዬ
አሰላ