ከእናቴ ደጅ እስከ እኔ ደጅ ስለተያዘው የጉዞ ዕቅድ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲሰምርልዎ፣ ወገብዎ እንዳይዝል፣ በተለይም መኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት ተቀምጠው ሲወርዱ የሚደነዝዘው እግርዎ ቶሎ እንዲፍታታልዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ከእፍረት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። እፍረቱ ግን አሁን አሁን ምግብም እየዘጋኝ ስለሆነ፣ ለሐኪም ከመንገር ለእርስዎ መጻፍ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ዋናው መንገድ ዳር አዲስ በተሠራው ረጅም ሕንጻ ውስጥ ከባለቤቴና ከትንሿ ልጄ ጋር የምኖር መነጽር ሠሪ ነኝ። እናቴ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ እኔ ባደግኩበት ቤት ትኖራለች። ሕንጻው ሲጀመር ጎረቤቱ ሁሉ ይህ ጠባብ መንገድ ያን ሁሉ መኪና እንዴት ሊችል ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከአሠሪው ድርጅት የጉዞ ዕቅድ የሚባል ነገር ተቀብሎ አጸደቀና ልባችንን አሳረፈው። ነዋሪው በእግሩ፣ በብስክሌትና በሕንጻው ሰርቪስ እንደሚንቀሳቀስ፣ መኪና መግዛትም እንደማያምረው በዕቅዱ ተረጋግጦ ነበር። ቤቱን ያሳየን ሻጭ የዚህን ዕቅድ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። ባለቤቴ ስለ ውሃው ስትጠይቅ እኔ አንድም ነገር አልጠየቅኩም፤ ሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ዜብራ ስትሻገር አይቼ፣ ይቺ እናቴ ናት ብዬ ልቤ ሄዶ ነበር። ሥራዬ ሰው አጥርቶ እንዲያይ መርዳት መሆኑን ሲያስቡ ይስቁብኝ ይሆናል፤ ይሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. ስለ ብስክሌት ማቆሚያው አመሰግናለሁ። ጣሪያ ያለው፣ ብረቱ ቀለም የተቀባ፣ አንዳንድ ሰው ከሚኖርበት ቤት የሚሻል ማቆሚያ ነው። ጣሪያ ስላለው ጄኔሬተሩ እዚያ ገባ፤ በተረፈው ቦታ ደግሞ ምንጣፋችንን እናሰጣለን። ሊቆጣጠሩ የመጡት ባለሙያዎችዎ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ አገልግሎት እየሰጠ ነው ብለው ሪፖርት እንዳደረጉ ሰምተናል። እውነታቸውን ነው፣ ምንጣፍ በደንብ ይደርቅበታል።

2. ስለ ሰርቪሱም እንዲሁ። መጀመሪያ ሰሞን ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት መጣ፣ ተሳፈርን፣ ፎቶ ተነሣን። ቀጥሎ እኛ ሥራ ከገባን በኋላ መምጣት ጀመረ፤ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። በዚህ ጊዜ ነዋሪው አንድ በአንድ መኪና ገዛ፣ እኔም ገዛሁ። ነዋሪው መኪና እንዳያምረው ተብሎ የሕንጻው መኪና ማቆሚያ ሆን ተብሎ ጠባብ ተደርጎ ነበርና፣ እጅ የምነሣለት ብልሃት ነው፣ አሁን የምናቆመው በሰው ደጅ፣ እግረኛው ይሄድበታል በተባለው ንጣፍ ላይ ነው። እግረኛው ወደ አስፋልቱ ወርዷል። በሕንጻችን ግቢ የሚገባና የሚወጣ መኪና ከታሰበው በታች በመሆኑ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከልን የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር ጫማዬን እያየሁ ነው የማልፈው።

3. ዜብራው እርስዎ ለሕንጻው ምረቃ በሚመጡበት ዋዜማ ተቀባ። ቀለሙ ከሪባኑ ቀድሞ ጠፋ።

4. አራተኛውን ምስጋና ያልኩት ምስጋና ሆኖ አይደለም፣ ቁጥሩ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ከእኔ በረንዳ ቆሞ የተጣራ ሰው እናቴ ደጅ ይሰማል። ቤቱን የገዛሁትም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ላይ እናቴ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ፣ ሲያሻት እየተሻገረች ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ለልጄ የሠራችውን ሹራብ በፌስታል አንጠልጥላ መንገዱ ዳር ስትቆም ከበረንዳ አየኋት። እግሯን ታነሣለች፣ መኪና ይመጣል፣ ትመልሰዋለች። ደግማ ታነሣለች። እየሮጥኩ ደረጃውን ወርጄ፣ እኔም በበኩሌ መንገዱ ዳር ተገትሬ፣ መኪናው ጋብ ብሎልኝ ስሻገር በሯን ዘግታ ገብታለች። ሹራቡን አጥሩ ላይ አንጠልጥላልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እናቴን ለምሳ የማመጣት በመኪና ነው። አደባባዩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እዞራለሁ፣ የመኪናውን ሰልፍ እይዛለሁ፣ ደጇ እደርሳለሁ፣ እሷን ይዤ በዚያው ዙር እመለሳለሁ። ቀበቶዋን አስራ አጠገቤ ትቀመጥና፣ በመስኮት የእኛን በረንዳ እያየች፣ ቤትህ ሩቅ ነው ልጄ ትለኛለች። ነገር ለመጎንተል ብላ አይደለም፣ አዝናልኝ ነው። ክቡር ሆይ፣ እናቴን አላሻግር ያለው ሰልፍ ውስጥ አንዱ መኪና የእኔ ነው፤ ያ መኪና ደግሞ የሚሄደው እሷኑ ለማምጣት ነው። ይህን ለማን ነግሬ ፊቴን ቀና አደርጋለሁ?

5. በመጨረሻም አቤት ልል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። አቤቱታ የምትቀበለው ልጅ በጣም ትሑት ናት፣ ደመወዝ ቢጨመርላት አይቆጨኝም። የጉዞ ዕቅዱን በሚመለከት የሚቀርብ ማንኛውም ቅሬታ ወደ ሕንጻው የጉዞ አስተባባሪ እንደሚመራ አስረዳችኝ። አስተባባሪ መኖሩን ስላላወቅኩ ማን ነው አልኳት። ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ የእኔን ስም ነገረችኝ።

የሰው ስብሰባ እንዴት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ሥራ ሲታደል የሚመረጠው የቀረው ሰው ነው። ነዋሪው አስተባባሪ አቅርቡ ሲባል የቀረውን ፈልጎ እኔን አገኘ፤ ማንም ደግሞ አልነገረኝም። የቀረሁት እናቴን ወደ ቤቷ ልመልስ ሄጄ ሰልፉ ውስጥ ስለተቀረቀርኩ ነበር።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። በዚሁ ጉዳይ አንዲት እናት መጥተው እንደነበር፣ መሻገሪያ ይሠራልኝ ብለው ረጅም ሰዓት ተራ ጠብቀው ገብተው፣ የአስተባባሪውን ስም ሲሰሙ ግን ተይው ልጄ፣ ይኼን ያህል እንኳ አልቸገረኝም፣ እሱም ሥራ በዝቶበት ነው ብለው፣ ለአስተባባሪው ጤና ተመኝተው መሄዳቸውን አጫወተችኝ። ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ ይዘው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ አለችኝ። ቅሬታውን ልትመዘግብልኝ ስሜን ስትጠይቀኝ እኔም ተይው ብያት ወጣሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ የምጽፈው ስለዚህ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ብልከው ተመርቶ ወደ እኔው ይመለሳል።

እንግዲህ አንድ መሻገሪያ፣ መኪና የሚያስቆም መብራት ያለው፣ እንዲሠራልን እየለመንኩ፣ ከእንግዲህ ለሚጸድቁ ሕንጻዎችም የጉዞ ዕቅዱ ከሥዕሉ ወርዶ መሬት መርገጡን የሚያይ ሰው እንዲመደብ እያሳሰብኩ፣ ለዚህ ሥራ ከስብሰባ የቀረን ሰው ከመሾም እንዲቆጠቡ በትሕትና እየተማጸንኩ፣ መንገድዎ ሁሉ ጨርቅ እንዲሆንልዎ፣ ደጅዎ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው እንዳይገጥምዎ በመመኘት፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ሁለት እጄን አጣምሬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሳይሰማ የተሾመው የሕንጻው የጉዞ አስተባባሪ፣
የማዶዋ ሴትዮ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ባለሥልጣን እንዲህ አይጻፍለትም፣ ነውር ነው ብላ ተቆጣችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ነገር እንድጠይቅላት አዘዘችኝ፦ እርስዎም እናት ካለዎት፣ እሳቸው ከመንገዱ በየትኛው በኩል ነው የሚኖሩት?