የማይደነግጥ ልብ

ታኅሣሥ 22 ቀን 1957፣ ቡሬ
ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ወባ፣ አንድ በሬ የወጋው። ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ዳኘው አስጠሩኝ። የጥምቀትን ጉግስ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። «አምና ጋላቢው ክንዱ በዘንግ ተመትቶ ሞቶብናል። ዘንድሮ የፈራ ሰው ፈረስ ላይ አይወጣብኝም። አንተ ድሬሰር ነህ፤ ፍርሃት መለየት ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ... አሁን ምን ላደርግ ነው?

ታኅሣሥ 24
አገኘሁት! የእጅ ደም ሥር ይዞ በሰዓት መቁጠር። የፈራ ሰው ልቡ ይሮጣል። በደቂቃ ከመቶ በላይ የመታ አይጋልብም። ፊታውራሪ ራሳቸው እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሰባ ስድስት። ደስ አላቸው። እኔም ትንሽ ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ታኅሣሥ 30
ዘጠኝ ጋላቢ ቆጠርኩ። ዘሩ መቶ አሥራ ስድስት፤ እጁ ላብ በላብ። «ብርድ ነው» ይለኛል። አትጋልብም ብዬ መለስኩት።
የእህቴ የታንጉት ባል ይሄይስ ግን... አርባ ስምንት። አምና ክንዱን የገደለው ዘንግ የሱ ነበር። ጨዋታ ነውና ሽማግሌ አስታረቀ፤ ግን ክንዱ የልብ ጓደኛው ነበር። አስጋልቤ ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ ስምንት። ፈረሱ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ጥር 3
ታንጉት ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ክሊኒኩ ደጃፍ ጠበቀችኝ።
«አያ ተስፋው፣ እንዳይጋልብ አርግልኝ።»
«ከሁሉም የተረጋጋው እኮ እሱ ነው።»
«እሱ ነው የሚያስፈራኝ! ትናንት እባብ በእግሩ ሥር አለፈ። ዝም ብሎ አየው። ሲጋልብ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ ያወራል... ከማን ጋር?»
ሳቅሁባት። ቁጥሩን ነገርኳት። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ጥር 7
ጠዋት ሜዳ ወረድኩ። ጭጋግ። ይሄይስ ይጋልባል። የሰማሁት የሁለት ፈረስ ኮቴ ነበር። ጭጋጉ ሲገለጥ አንድ ፈረስ... የገደል ማሚቶ ይሆን? ሜዳ ላይ ምን ገደል አለ?
«ማን አብሮህ ነበር?»
«ታውቀዋለህ እኮ።» እጁን ዘረጋልኝ። ቀዝቃዛ። አርባ ስምንት።
ስመለስ የንስሐ አባቱን አባ ወልደ ዮሐንስን አገኘኋቸው። «ጥማድ በሬዎቹን ለክንዱ ልጆች ሰጠ፤ ሰላም አገኘ» አሉኝ። ተመስገን አልኩ። ለካ መረጋጋቱ ከዚህ ነው! ከሚጋልቡት ስሙን መጀመሪያ ጻፍኩት።

ጥር 11፣ ጥምቀት
ጉግሱ ላይ ንብረት የሚባለው ጋላቢ ይሄይስን አባረረው። ዘንጉን ሲወረውር ይሄይስ ጋሻውን ጣለ። ጣለው! ፊቱን ወደ ዘንጉ አዞረ፣ ፈገግ ብሎ። ጆሮ ግንዱን አገኘው። ወደቀ። ይተነፍሳል።
በሬዎቹን ሰጠ... ገበሬ በሬውን ሰጥቶ በምን ሊያርስ ነበር? ተሰናብቶ የጨረሰ ሰው ነው። ሁሉ ሰው እያየው እኔ ሰዓት አያለሁ። ፈረሱ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ጥር 14
ይሄይስ ክሊኒኩ ውስጥ ተኝቷል፤ አልነቃም። አርባ ስምንት።

ጥር 16
ዓይኑን ገለጠ። አይናገርም፣ አይበላም። አርባ ስምንት። ታንጉት አታናግረኝም፤ እውነቷን ነው። ጎህ ሲቀድ ከክሊኒኩ ደጅ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ወጥቼ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። አቧራው ላይ ዱካ የለም።

ጥር 19
ኮቴው ዛሬም መጣ። ከትናንት ይልቅ ቀርቧል። ይሄይስ ሲሰማው ፊቱ ይበራል... መሄድ ይፈልጋል። ፈርቻለሁ። የራሴን ልብ ቆጠርኩ፤ ከመቶ በላይ።

ጥር 21
ጎህ ሲቀድ እጁን ይዤ ነበር። ኮቴው መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ። ፈረሱ ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል። ታንጉት ከአልጋው ግርጌ ተነስታ ባሏን በሁለት እጇ አንገቱን አቀፈችው። «እኔንስ?» አለችው።
ይሄይስ በሩን አየ። እሷን አየ። ጣቴ ሥር የደም ሥሩ ዘለለ። ስልሳ... ዘጠና... ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ከወደቀ ወዲህ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው።
«ታንጉት፣ በሩን ዝጊው። ፈራሁ።»
ሮጣ ዘጋችው። ኮቴው ጥቂት ቆየና ቀስ እያለ ወደ ሜዳው ራቀ፤ ሦስታችንም ሰማነው።
ታንጉት በሩን ተደግፋ ቆማ ታለቅሳለች። በአሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረች።
«አያ፣ ስንት መታ?»
«ብዙ ነው» አልኳት፤ «ብዙ ነው፣ እህቴ።»