የጎረቤት ማስተዋወቂያ ክፍያን ይመለከታል

ለተከበሩ አቶ አለበል፣ የቤት ደላሎች ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

ክቡር ሆይ፣ አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናውን ያብዛልዎ፤ ከደጅዎ እንግዳ አይጥፋ።

እኔ ባለቤቴ ጁሃር ከሞተ በኋላ መካነ ኢየሱስ የነበረንን ሱቅ ዘግቼ፣ ሰው የሚበዛበት ከተማ ይሻለኛል ብዬ ወደዚህ የመጣሁት ጨርቅ ቸርቻሪዋ ሹክሪያ ነኝ። በሰኔ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል አከራይተውኛል።

፩ኛ) ኮሚሽንዎን ከተቀበሉ በኋላ፣ በሩን ስለከፈቱልኝ «የማሳያ» ብለው ስላስጨመሩኝ አመሰግናለሁ። በር በነጻ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር።

፪ኛ) «የጎረቤት ማስተዋወቂያ» የተባለውን ግን ደስ ብሎኝ እንደከፈልኩ አልደብቅዎትም። እርስዎም ግቢው መሀል ቆመው፣ ወደተዘጉት በሮች አዲስ ተከራይ መግባቷን ጮኸው ተናገሩና ሄዱ። ማንም አልወጣም። ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲስል እየሰማሁ፣ እኔም ሳል ሳይኖርብኝ እስል ጀመር።

በሐምሌ ትኩሳት ጣለኝ። በሩ ሲንኳኳ ሰው አስታወሰኝ ብዬ ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። «የክትትል» የሚሉትን ክፍያ ሊቀበሉ የመጡት እርስዎ ነበሩ። ንትርካችንን የሰማችው ጎረቤቴ ካሣነሽ፣ እርስዎ እንደሄዱ አጥሚት ይዛ ገባች። «እህቴ፣ ስትስይ እሰማሻለሁ፤ በርሽን ለማንኳኳት ግን አፈርኩ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እሷ ከቅዳሴ እኔ ከገበያ ስንመለስ፣ ደጃፍ ላይ አብረን ሳንቀመጥ የመሸበት ቀን ጥቂት ነው። ስላደረጉልኝ ንትርክ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ) በጥቅምት አከራያችንን መክረው በካሣነሽ ላይ ኪራይ አስጨመሩባት። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ኮሚሽን እንዳለ ለካ አላውቅም ነበር። መክፈል ቢያቅታት ዕቃዋን ጭና ስማዳ ወዳለው ልጇ ሄደች። ያስተዋወቁበት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ብጠይቅዎ፣ «እኔ አስተዋውቃለሁ እንጂ አብራሽ ትኖራለች አላልኩም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ አላሉም።

ስለ ትጋትዎ እጅ እየነሣሁ፣ በሰው መካከል ብቻዬን የመኖርን ሙያ ያስተማሩኝ ታዛዥ ተከራይዎ፣
ሹክሪያ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን የካሣነሽን ክፍል ሊያዩ ለመጡ ሰዎች «ጎረቤቷ ጸጥተኛ ናት፤ ድምፅ የላትም» እያሉ ሲያሞካሹኝ በግድግዳው ሰማሁ። ድምፅስ አለኝ፤ ዝም ያልኩት የሚያናግረኝ ስላጣሁ ነው።